የዓለም ሃይማኖቶች ሥርዓት በመዳብ ሰሌዳ ላይ፦ የጥንት ባለሥዕል መጻሕፍት ዳሰሳ

ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን የሩቅ አገር ሰዎች እንዴት እንደሚጸልዩ፣ እንዴት እንደሚጋቡ፣ ሙታናቸውንም እንዴት እንደሚቀብሩ ማየት የፈለገ አውሮፓዊ የሚያገኘው በትልልቅ ባለሥዕል መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የታተሙት እነዚህ መጻሕፍት ዛሬ ለሃይማኖት ታሪክም ለኅትመት ታሪክም ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው። ሁሉም ግን እኩል አይታመኑም። ለእያንዳንዱ ሥዕል ሊቀርብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ሠዓሊው ሥርዓቱ ሲፈጸም በቦታው ነበረ ወይ የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዘርፉ መነሻ ጽሑፍ እንጂ ሥዕል አልነበረም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ቦኤሙስ በ1520 የሕዝቦችን ሁሉ ልማድ፣ ሕግና ሥርዓት የሚገልጽ መጽሐፍ በላቲን አሳተመ። አብዛኛውን የለቀመው ከጥንት ጸሐፍት ነው። ሥዕሉን ዋና ነገር ያደረገው ደግሞ የሊየዡ ተወላጅ ቴዎዶር ደ ብሪ ነው። ደ ብሪ ከ1590 ጀምሮ በፍራንክፈርት ስለ አሜሪካ ሕዝቦች ተከታታይ ጥራዞችን አወጣ፤ በ1598 ሲሞትም ሥራውን ልጆቹ ቀጠሉበት። እርሱ ራሱ አሜሪካን አላየም። በ1591 የታተሙት የፍሎሪዳ ሥዕሎች በ1564 ወደዚያ በተጓዘው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ዣክ ለ ሟን ሥራዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የሥዕሎቹን ታማኝነት ለመመዘን አሠራራቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ቀራጺው የመዳቡን ሰሌዳ አሲድ በማይበላው ቅባት ይሸፍነውና ሥዕሉን በመርፌ ይጭርበታል፤ የተጫረውን መስመር አሲድ ይበላዋል። አንዳንዱ መስመር በቀጥታ በብረት መቅረጫ ይወጣል። ቀለሙ የሚቀመጠው በጎድጓዳው መስመር ውስጥ ስለሆነ ሥዕሉ ጽሑፉ ከሚታተምበት ማተሚያ በተለየ፣ በብርቱ በሚጫን ማተሚያ ይታተማል። ከዚያም ከጽሑፉ ጋር ይጠረዛል። በሰሌዳው ላይ ያለው በወረቀት ላይ ተገልብጦ ስለሚወጣ፣ የሌላውን ኅትመት አይቶ በቀጥታ የሚቀርጽ ሰው ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ያደርገዋል። በእንዲህ ያለ ቅጂ በቀኝ እጅ የሚፈጸም ሥርዓት በግራ እጅ የሚፈጸም መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከዘርፉ ሥራዎች ሁሉ ታላቁ በአምስተርዳም ከ1723 እስከ 1737 በፈረንሳይኛ በሰባት ትልልቅ ጥራዞች የወጣው «የዓለም ሕዝቦች ሁሉ ሃይማኖታዊ ሥርዓትና ልማድ» የተባለው መጽሐፍ ነው። አሳታሚውና የጽሑፉ አዘጋጅ ዣን ፍሬደሪክ በርናር፣ ሠዓሊውና ቀራጺው ደግሞ በርናር ፒካር ነበሩ። ሁለቱም ከፈረንሳይ የመጡ ፕሮቴስታንቶች ሲሆኑ፣ ለኅትመት ከሌላው አውሮፓ የተሻለ ነጻነት በነበረባት በአምስተርዳም ይኖሩ ነበር። ፒካር ሥራው ሳይጠናቀቅ በ1733 አረፈ።

የመጽሐፉ ድፍረት ያለው በአደራደሩ ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ የሚጀምረው በአይሁድ ሥርዓት ሲሆን የካቶሊኮች ሥርዓት ይከተላል። ቀጥሎ የአሜሪካና የእስያ ሕዝቦች፣ በኋላም የግሪክ ኦርቶዶክሶች፣ ፕሮቴስታንቶችና ሙስሊሞች ይመጣሉ። ሁሉም በአንድ ዓይነት የሥዕል ጥበብ ስለቀረቡ አንባቢው የራሱን ሃይማኖት ከሌላው ጎን አስቀምጦ እንዲያነጻጽር ይገደዳል። ለእስልምናው ክፍል የኡትሬክቱ ሊቅ አድሪያን ሬላንድ ሥራ ምንጭ ሆኗል፤ ሬላንድ የእስልምናን ትምህርት ከራሱ ከሙስሊሞች ጽሑፍ ለማስረዳት የሞከረ ምሁር ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የበርናርንና የፒካርን መጽሐፍ ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር አስገባችው። በ1741 ደግሞ ባኒዬና ለ ማስክሪዬ የተባሉ ሁለት የካቶሊክ ካህናት ጽሑፉን ለቤተ ክርስቲያናቸው በሚስማማ መንገድ አስተካክለው በፓሪስ አሳተሙት።

ፒካር በአምስተርዳም የፖርቱጋል አይሁድን የፋሲካ ማዕድና የዳስ በዓል የሣለው ጎረቤቶቹን ቀርቦ አይቶ ነው። የቤቱ ዕቃ፣ የሰዎቹ አለባበስና አቀማመጥ የሕያው ቤተሰብ ናቸው፤ ማላገጥም ማስፈራራትም የለባቸውም። የፍሎሪዳ ሕዝቦችን ለፀሐይ ሲሰግዱ ሲያሳይ ግን ከለ ሟን በደ ብሪ በኩል የደረሰውን ይደግማል። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የዓይን ምስክርነትና የቅጂ ቅጂ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ከፒካር በኋላ ወደ ቦታው ቀርበው የሠሩ ሰዎች መጡ። የአንትወርፑ ሠዓሊ ባልታዛር ሶልቪንስ ከ1791 ጀምሮ በካልካታ አሥር ዓመት ያህል ኖሮ የሂንዱዎችን በዓላት፣ መነኮሳትና የዕለት ኑሮ ሣለ። ሥራው ከ1808 እስከ 1812 በፓሪስ በአራት ጥራዞችና በ288 ሥዕሎች ታተመ። የኢስታንቡሉ ተወላጅ አርመናዊ ሙራጃ ዶሶን ደግሞ በ1787 መውጣት በጀመረው ታላቅ ሥራው የኦቶማንን ሙስሊሞች ሕግና አምልኮ በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ባደገ ሰው ዓይን አቀረበ።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ሳሉ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነትና ሥርዓት የጻፉትን ፖርቱጋላዊው ሊቅ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ በ1540 በሉቨን በላቲን አሳተመው፤ በፖርቱጋል ግን እንዳይሰራጭ ታገደ። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 በሮም ተገናኙ፤ በ1652ም ወደ ጎታ ሄደው የኢትዮጵያን ቋንቋ፣ ታሪክና ሥርዓት አስረዱት። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የተመሠረተው በአብዛኛው በእኚህ ካህን ምስክርነት ላይ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አልረገጠም፤ ቢሆንም ሥርዓቱን የሚኖር ሰው አጠገቡ ስለነበረ መጽሐፉ ለብዙ ዘመን ዋቢ ሆኖ ቆየ።

እነዚህን መጻሕፍት ማጥናት የሚፈልግ ሰው የኅትመቱን ከተማና ዓመት፣ የቀራጺውን ስምና የሥዕሉን ምንጭ አስቀድሞ ይለይ። የፒካር ሥዕሎች ለ1733ቱ የለንደን ትርጉም በሌሎች እጅ እንደገና ተቀርጸዋል፤ ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ እጁ ነው ማለት አይቻልም። ነጋዴዎች ገጾቹን እየቆረጡ ለየብቻ ስለሚሸጡም ሙሉ ጥራዝ እየተመናመነ ነው፤ ከጽሑፉ የተለየ ሥዕል ደግሞ ምስክርነቱ ይጎድላል።

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ስለ እኛ የተጻፈው የታመነው ጸጋ ዘአብና አባ ጎርጎርዮስ ስለተናገሩ ነው። ዛሬም የየደብሩን፣ የየመስጊዱንና የየመንደሩን ሥርዓት በቃል የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት አሉ። ሠዓሊዎቻችን፣ ፎቶግራፍ አንሺዎቻችንና ጸሐፊዎቻችን ከአጠገባቸው ተቀምጠው ሥርዓቱን በስሙ፣ በቦታውና በዘመኑ ይሰንዱት።