ከመኪና ውስጥ ፊልም ስናነሳ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሥራ ፍለጋ ወይም ስለ ልጆች ትምህርት አይደለም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ቅሬታ ሲያስነሳ አይቻለሁ። ይኸውም በመኪና ወይም በአውቶቡስ ስንጓዝ በቴሌፎናችን የምናነሳው ፊልም እየተንቀጠቀጠ የማይታይ መሆኑ ነው።

በሥራዬ ከማውቃቸው ቤተሰቦች አንዱ ለስግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ መንገዱን በሙሉ ፊልም አንስቶ ጎንደር ላሉት እናት ላከላቸው። እናት ለብዙ ዓመታት ተራቸውን ሲጠባበቁ የኖሩ ናቸው። ልጃቸው ደውሎ «እምዬ፣ ኢየሩሳሌምን አየሻት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ራሴን አዞረኝ እንጂ ምንም አላየሁ። አገሩ እንዲህ ይናወጣል እንዴ?» አሉት። ልጁ በጣም አዘነ። ቴሌፎኑ እንዳይነቃነቅ ብሎ ከመስኮቱ መስተዋት ጋር አጣብቆ ይዞት ነበር። ያበላሸበትም ይኸው ነው።

መንቀጥቀጡ ከየት ይመጣል?

መንቀጥቀጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሞተሩና ከጎማው የሚነሳ ፈጣንና ጥቃቅን ንዝረት ነው። እጃችሁን በመስኮቱ መስተዋት ላይ ብታሳርፉ ይሰማችኋል። ሁለተኛው መኪናው ጉድጓድ ሲገባ፣ ሲታጠፍ ወይም ፍሬን ሲይዝ የሚመጣው ትልቅ ውርወራ ነው። ቴሌፎኑ ከመኪናው ጠንካራ አካል ጋር በተነካካ ቁጥር ጥቃቅኑ ንዝረት በቀጥታ ይተላለፍበታል።

እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ውኃው የማይፈሳት ለምንድን ነው? ጉልበቷና ወገቧ የመንገዱን ጉርብጥብጥ ስለሚበላው ነው። ክንዳችንም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ቴሌፎኑን በመኪናው ሳይሆን በሰውነታችን እንያዘው።

አያያዝ

ቴሌፎኑን በጎኑ አጋድማችሁ በሁለት እጅ ያዙ። ክርናችሁን ወደ ጎድናችሁ ሰብስቡ፤ በበሩ ላይ ግን አታስደግፉ። የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ በጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ክርናችሁን ብታሳርፉበት እጅ አይደክምም፤ ንዝረቱም ይቀንሳል። መስተዋቱን ሳትነኩ ቴሌፎኑን ጥቂት አርቁት። መስኮቱን ዝጉ፤ የነፋሱ ድምፅ ንግግራችሁን እንዳይውጠው።

አጉልታችሁ አታንሱ። ምስሉን ሁለት እጥፍ ስታጎሉት መንቀጥቀጡም ሁለት እጥፍ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በሰፊው አንሱ።

ከቅርብ ነገር ይልቅ የሩቁን አንሱ። መኪና በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት አጠገባችሁ ያለው የመንገድ አጥር ጭረት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የሩቁ ተራራ ግን ቀስ ብሎ ያልፋል። ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ኢየሩሳሌም በ1 ቁጥር መንገድ ስትወጡ፣ ከላትሩን ቀጥሎ ሻዓር ሃጋይ ላይ በ1948 እ.ኤ.አ. ጦርነት የተመቱ የብረት ለበስ መኪናዎች በመንገዱ ዳር ይታያሉ። እነርሱን ከጎን መስኮት ለመያዝ ብትሯሯጡ አይሆንላችሁም። በፊተኛው መስተዋት በኩል ከሩቅ ጀምራችሁ ብትይዟቸው ግን እየቀረቡ ሲመጡ በደንብ ይታያሉ።

መስተዋቱን ቀድማችሁ ጥረጉ። ቴሌፎኑ የራቀውን ትቶ በመስተዋቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ አጥርቶ ሊያሳይ ይችላልና። በብዙ ቴሌፎኖች የሩቁን ነገር በመስታየቱ ላይ በጣታችሁ ለጥቂት ጊዜ ተጭናችሁ ብትይዙ፣ ጥራቱና ብርሃኑ ባለበት ይቆለፋል።

ስለ ቴሌፎኑ ሥራ

ብዙዎቹ የዛሬ ቴሌፎኖች መንቀጥቀጥን የሚቀንሱበት መንገድ አላቸው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ትንሿ ሌንስ በማግኔት ኃይል እየተንቀሳቀሰች የእጃችንን መንቀጥቀጥ ታካክሳለች። ሌሎቹ የምስሉን ዳርቻ ቆርጠው መካከሉን ያረጋጋሉ። ይህ የእጅን መንቀጥቀጥ ይረዳል እንጂ የሞተርን ንዝረት ሁሉ አያጠፋም።

በሞተር ብስክሌት ለሚሠሩ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። የአይፎን ሠሪ የሆነው አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ኃይለኛ የሞተር ብስክሌት ንዝረት የካሜራውን ሥራ ሊያበላሽ እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ ቴሌፎናችሁን በመሪው ላይ በቀጥታ አትሰሩት።

በመኪና ውስጥ መያዣ የምትጠቀሙ ከሆነ አጭር ክንድ ያለውን ምረጡ። ረጅሙ እንደ ቅርንጫፍ ጫፍ ይወዛወዛል።

ከፊልሙ ይልቅ ነፍስ ትበልጣለች

ሹፌሩ በምንም ምክንያት ፊልም አያንሳ። በእስራኤል ሕግ እየነዱ ቴሌፎን በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ ቅጣትም ነጥብም ያስከትላል። ከሁሉ የከፋው ግን አደጋው ነው። የሚያነሳው ሰው የመቀመጫ ቀበቶውን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይፍታ። ቴሌፎንም ሆነ እጅ ከመስኮት ውጭ አይውጣ።

ከፊት ወንበር ለሚቀመጥ ሰው የአየር ከረጢት አለ፤ ግጭት ሲደርስ በፍጥነት ይነፋል። በፊታችሁ የያዛችሁት ቴሌፎን ያን ጊዜ ፊታችሁን ይመታል። ስለዚህ ከኋላ ወንበር መካከል ላይ ተቀምጣችሁ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ብታነሱ ይሻላል። በአውቶቡስ ከሆነ በመካከል፣ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች እኩል ርቃችሁ ተቀመጡ። ከኋላ ጎማ በላይና ከዚያ ወዲያ ያለው ወንበር ይበልጥ ይንጣል።

ሹፌሩን ቀስ እንዲል ለምኑት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው ነው።

ከሁሉ የሚሻለው

ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት መቆም ነው። በፈጣን መንገድ ዳር ያለ ችግር መቆም አይፈቀድም፤ ነገር ግን ነዳጅ ማደያ ወይም የመኪና ማቆሚያ ስታገኙ ሞተሩን አጥፍታችሁ አንድ ደቂቃ አንሱ። በስግድ ቀን ሕዝባችን በሚሰበሰብበት በአርሞን ሃናጺቭ መናፈሻ ብትቆሙ አሮጌዋ ከተማ ከፊታችሁ ትታያለች። ጸጥ ያለ አንድ ደቂቃ ከሚናወጥ አንድ ሰዓት ይበልጣል።

በምትልኩበትም ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ የሚሆን አጭር አጭር ፊልም ላኩ። በኢትዮጵያ ኢንተርኔቱ በብዙ ቦታ ቀርፋፋ ነው፤ ለተቀባዩም ወጪ አለው። በዋትሳፕ ሲላክ ፊልሙ ይጨመቃል፤ የሚንቀጠቀጥ ምስል ደግሞ ሲጨመቅ ከጸጥተኛው ይበልጥ ይበላሻል። እንደ ሰነድ አድርጋችሁ ብትልኩት ጥራቱ አይቀንስም፤ ነገር ግን ክብደቱ ይበዛል።

ያ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ የእናቱን ጋቢ በጭኑ አጥፎ አነሳ። ከመናፈሻውም ቆሞ ከተማዋን አንድ ደቂቃ ያህል አነሳላቸው። እናት ጎረቤት ጠርተው ሦስት ጊዜ አዩት። ከዚያም «ይቺ ናትን? እንግዲህ በዓይኔ አየኋት» አሉ። እስከ ዛሬም ተራቸውን እየጠበቁ ናቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በአገር ቤት የቀሩ ወላጆቻችን መንገዳችንን የሚያዩት በእኛ እጅ ነውና እጃችንን እናጽና።