የመሬት ግብርና የልጆቻችን ትምህርት ቤት



የግብር ደረሰኝ በእጃችሁ አለ። ዱሮ ሌላ ሰው ያነብላችሁ ነበር፤ ዛሬ ግን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። ታዲያ አንድ ነገር እንጠይቅ። የልጆቻችን ትምህርት ቤት ወጪው ከየት ይመጣል? የምንከፍለው ግብርስ እዚያ ይደርሳል?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር የሚባል በመሬት ላይ ተጣለ። በተለካ አገር መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ይመደባል፤ ክፍያውም እንደ ምድቡ ነው። ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታዘዘ።

ሐሳቡ መልካም ይመስላል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ገበሬው ከፈለ እንጂ ብዙው ገጠር ትምህርት ቤት አላየም። ሁለተኛ፣ መሬቱ የሳሳ አገር ግብሩም ትንሽ ነው። ትምህርት ቤት በአካባቢው ግብር ብቻ ይተዳደር ከተባለ፣ የደሃ አገር ትምህርት ቤት ደሃ ሆኖ ይቀራል።

ይሄን የዘመሮ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ደጋው ገብስና በግ ይሰጣል፤ ውርጭና በረዶ በመጣ ጊዜ ግን ማሳው ባዶ ነው። ታዲያ የመንዝ ልጅ ትምህርቱ በውርጭ ይወሰን? መሬት ለምና ጠፍ ይባላል፤ የልጅ አእምሮ ግን እንዲህ አይመደብም።

በሀብታም አገርም ችግሩ አለ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከገንዘባቸው ትልቅ ድርሻ የሚያገኙት በየአካባቢው ካለ ቤትና መሬት ግብር ነው። በሳን አንቶኒዮ ከተማ በደሃ ሰፈር የሚኖሩ ወላጆች ይህ አሠራር ልጆቻችንን በደለ ብለው ከሰሱ። በ1965 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው።

የእኛ አገር መምህራንስ ምን አሉ? በ1964 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ጥናት ተዘጋጀ። ገንዘብ ስለሚያንስ አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ያህል ቢማር ይበቃዋል የሚል ሐሳብ ነበረበት። መምህራን ይህ የደሃውን ልጅ ከበር ያስቀራል ብለው ተቃወሙ። የደመወዝ ጥያቄም ጨምረው የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ጥናቱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ገንዘብ አነሰ ተብሎ የገበሬ ልጅ ትምህርት አይቆረጥም ማለታቸው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. በቀድሞው የመሬት ግብር ፋንታ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር መጣ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ይህን የመሰብሰብ ሥልጣን የክልል ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ የከተማን መሬትና ቤት ይመለከታል እንጂ የእርሻ መሬታችሁን አይደለም።

ዛሬ ወረዳው ከክልሉ ጥቅል በጀት ይሰጠዋል። የመምህራን ደመወዝ የሚከፈለውም ከዚያው ነው። በጀቱ ወረዳው ባስገባው ግብር ልክ ብቻ አይወሰንም። ይሄ ለደጋ አገር ይበጃል። ለም አገር የከፈለው ለጠፍ አገር ልጅም ይደርሳልና። ችግሩ ገንዘቡ ዞሮ ስለሚመጣ ገበሬው ዱካውን ያጣል። አብዛኛውም ለደመወዝ ይውላል። ለጠመኔ፣ ለዴስክ፣ ለጣሪያ ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያን ጊዜ መዋጮ ይመጣል።

ግብርና መዋጮ አንድ አይደሉም። ግብር በሕግ የተቆረጠ ነው። መዋጮ ግን ወላጆች መክረው፣ ተስማምተው የሚሰጡት ነው። ስለዚህ፦

1. ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ግብር ይላል ወይስ መዋጮ? አንብቡ።
2. በወላጆች ስብሰባ የትምህርት ቤቱ ገቢና ወጪ በጽሑፍ እንዲቀርብ ጠይቁ።
3. የተለጠፈ በጀት ካለ ቆማችሁ አንብቡ። ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከከርሞው ጋር አስተያዩ።

ፊደል የቆጠረ ገበሬ የገንዘቡንም መንገድ ይቆጥራል። ማንበብ የቻላችሁ ላልቻለው ጎረቤት አንብቡለት። ከዚያም ተወያዩ፦ የእኛ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ምን ጎደለው? ማንን እንጠይቅ?