የቡና አበባ በጥላ ውስጥ

የደን ቡና የሚያብበው ዝናብ ሲያዘው ነው። በካፋ፣ በሸካ፣ በያዩና በባሌው ሐረና ደን ያለው ቡና በጋውን እምቡጡን ቋጥሮ ይሰነብታል። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከሳምንት ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅርንጫፉ ሁሉ በአንድ ማለዳ ነጭ ይለብሳል። ነጩም ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፤ ጠውልጎ ይረግፋል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺ ቀጠሮ የሚይዘው ከዝናቡ ጋር እንጂ ከቀን መቁጠሪያው ጋር አይደለም። ቦንጋ ወይም ደሎ መና ለሚኖር ወዳጅ ደውሎ «ጣለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ውድ ሌንስ ከመግዛት ይበልጣል።

አበባው ትንሽ ኮከብ ነው። ብዙውን ጊዜ አምስት ቀጫጭን ነጭ ቅጠሎች አሉት፤ የቡናው ቅጠል ከቅርንጫፉ በሚጋጠምበት ቦታ ችምችም ብሎ ይወጣል። ዙሪያው የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ደግሞ ዋንዛው፣ ሳሳውና ብርብራው ሰማዩን ከድነውታል። ሽታው የጠምበለልን ያስታውሳል። አንቷን ደ ጁሲዩ የተባለው ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1713 እ.ኤ.አ. ቡናን ከጠምበለል ወገን መድቦት ነበር፤ የራሱን ስም ያገኘው ኋላ በስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ በሊኒየስ ነው። ሽታውን ካሜራ አይዘውም። ነጩም ቢሆን በቀላሉ አይያዝም።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ የተሠራው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል በሚል ግምት ነው። ደን ውስጥ ፍሬሙን የሚሞላው ጥቁር ቅጠልና ጨለማ ስለሆነ መለኪያው ብርሃን ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ቅጠሉ ያምራል፣ አበባው ይቃጠላል። የተቃጠለ ነጭ ሥሮቹም እጥፋቶቹም ጠፍተው ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ኋላ ኮምፒውተር ላይ ቢያጨልሙትም ግራጫ ይሆናል እንጂ የጠፋው አይመለስም። የጨለመው ቅጠል ግን፣ ፎቶው በሮው ፋይል ከተነሳ፣ ከፍ ሲደረግ ብዙ ዝርዝር ያወጣል። ታዲያ ጨለማ ቦታ መድኃኒቱ ብርሃን መቀነስ ነው፤ ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝቅ ያድርጉ። በስልክም ይቻላል፦ አበባው ላይ ተጭነው ፎከሱን ይቆልፉ፣ ከዚያ ጣትዎን ወደ ታች ያንሸራትቱ።

ተጠግተው አበባው ብቻ ፍሬሙን ሲሞላ ነገሩ ይገለበጣል። መለኪያው አሁን ነጩን ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ እዚህ መጨመር አለብዎት። አንዱን ሕግ ሸምድዶ የሄደ ሰው ግማሹን ፎቶ የሚያበላሸው በዚህ ነው። ስክሪኑም በደን ጨለማ ውስጥ ከልክ በላይ ደምቆ ስለሚታይ አይታመንም፤ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ካሜራው የሚያሳየውን የብርሃን ግራፍ፣ ይዩ። ግራፉ በቀኝ ጠርዝ ላይ ተደፍቶ ከተቆለለ ነጩ አልፏል።

ቀጣዩ ጠላት ፀሐይ ነው። በቅጠሎቹ ሽንቁር የሚወርደው ጨረር ግማሹን አበባ አብርቶ ግማሹን ጨለማ ይተወዋል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚይዝ ካሜራ ብዙም አይገኝም። ዝናብ የቋጠረ፣ ዳመና የሸፈነው ማለዳ ለዚህ ሥራ ከጠራ ቀን ይሻላል። ዳመናው እምቢ ካለ ባልንጀራዎ ነጠላ ዘርግቶ ከአበባው በላይ ይያዝልዎት፤ ስስ ነጭ ጥጥ ጨረሩን አለስልሶ ያወርደዋል። በገንዘብ የሚሸጠው ማለስለሻ ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። ከፊት የሚተኮስ ፍላሽ ግን እኔ አልመክርም፤ አበባውን ልሙጥ፣ ደኑን ጥቁር መጋረጃ ያደርገዋል፤ ያኔ ቦንጋ መሄድ ለምን አስፈለገ?

ቀለሙም ያስቸግራል። በቅጠል ተጣርቶ የመጣ ብርሃን አረንጓዴ ነው፣ ከክፍት ሰማይ የወረደ ጥላ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ አበባ ሁለቱንም ይቀበላል። ግራጫ ካርድ ይዘው እዚያው ብርሃን ውስጥ አንድ ፎቶ አንስተው ዋይት ባላንሱን በእሱ ያስተካክሉ። ጨርሶ ግን አያጥቡት፤ ትንሽ አረንጓዴ የቀረበት ነጭ ደን ውስጥ መሆኑን ይናገራል፣ ፍጹም የጠራው ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ ይመስላል።

ትራይፖድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ንፋስ ቅርንጫፉን ካወዛወዘው ትራይፖድ አያድንም፤ ያኔ አይኤስኦውን ጨምሮ ሻተሩን ማፍጠን ነው። አበባዎቹ በቅርንጫፉ ላይ ስለሚደረደሩ ካሜራውን ከቅርንጫፉ ጋር ትይዩ ካደረጉት፣ ማክሮ ሌንስ ላይ እጅግ ጠባብ የሚሆነው የፎከስ ስፋት ለሁሉም ይበቃል።

በመጨረሻ፦ የደን ቡና ብዙውን ጊዜ ባለቤት አለው። ፍሬ የያዘ አንድ አበባ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ቀይ እሸት ይሆናል፣ በውስጡም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የቡና ፍሬ አለ። የሚለቅመው ቤተሰብ ገቢ የሚያገኘው ከእሱም ነው። ከመግባትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ ቅርንጫፍ ወደ ካሜራዎ ከመጎተት እርስዎ ይንበርከኩ።