የእሬት ችግኝ ነጋዴን የሚያከስረው ውኃ ነው

የጭሮ /አሰበ ተፈሪ/፣ የሂርናና የገለምሶ ገበያዎች ስማቸው የሚነሣው በጫትና በቡና ነው። በግቢና በበረንዳ አበባ መነገድ ለጀመረ ሰው ግን የሐረርጌ ድንጋያማ ተረተር ሌላ ሸቀጥ አለው፤ እሬት። በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ። አንደኛው በሳይንሳዊ መጠሪያው በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለችው በሐርላ ተሰይሟል።

እሬት ውኃ የሚያከማቸው በሥጋማ ቅጠሉ ስለሆነ ድርቅ ይችላል። ሥሩ ውኃ ካቆረ ግን ይበሰብሳል፤ የነጋዴውም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ማሰሮው ወይም ጣሳው ከሥሩ የተበሳ፣ አፈሩም እስከ ግማሽ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት መሆን አለበት። አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ ዳግመኛ አይጠጣም፤ በክረምትም ዝናብ ከማይመታው ቦታ ይቀመጣል። በቂ ፀሐይ ካላገኘ አያብብም።

ከእናቱ ሥር የሚወጣውን ልጅ ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ አቆይቶ መትከል ይቻላል። ከተራራ ነቅሎ መሸጥ ርካሽ ቢመስልም ሥሩ የተጎዳ ችግኝ ቶሎ ይሞታል፤ የዘሩም ምንጭ ይነጥፋል።

ወደ ውጭ ለመላክ ላሰበ ደግሞ ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የገባችበት ሳይተስ የተሰኘው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ከተለመደው አሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎችን በሙሉ ይቆጣጠራል። ፈቃድ የሌለው ጭነት ሊወረስ ይችላል። ገዢም ሆነ ደላላ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት «ችግኙ ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ ያተርፋል።