የዩ-977 ጉዞና የሂትለር ማምለጥ ተረት

በአውሮፓ ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፥ ኦገስት 17 ቀን 1945 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፥ ዩ-977 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አርጀንቲና ከማር ዴል ፕላታ ወደብ ገብታ እጅዋን በሰጠች ጊዜ፥ ወሬኞች ሂትለርን ከሲኦል አፍ አውጥተው በሆድዋ ውስጥ አሳፈሩት፤ እስከ ዛሬም ድረስ አላወረዱትም።

ተረቱ ሥር የለውም አልልም። ጁላይ 10 ቀን ዩ-530 እዚያው ወደብ ገብታ እጅዋን ሰጥታ ነበር፤ ስታሊንም በፖትስዳም ጉባኤ ሰሞን ሂትለር ምናልባት በስፔን ወይም በአርጀንቲና በሕይወት እንዳለ ለአሜሪካኖች ተናግሮአል። ይህን ሁሉ ሰምቶ በዚያን ጊዜ የተጠራጠረውን ሰው አልፈርድበትም፤ የምፈርደው ማስረጃው እንደ ፀሐይ ከተገለጠ በኋላ በሐሰቱ በሚነግዱት ላይ ነው።

ሂትለር ኤፕሪል 30 ቀን፥ በሶቪየት ጦር በተከበበችው በርሊን፥ በምድር ውስጥ መሸሸጊያው ራሱን ገደለ፤ መርከቢቱ ከኖርዌይ ከክርስቲያንሳንድ የተነሣችው ሜይ 2 ቀን ነው። ሶቪየቶች ያገኙትን የጥርስ ሥራ የሂትለር የጥርስ ሐኪም ረዳት የነበረችው ኬቴ ሆይሰርማንና የጥርስ ሠራተኛው ፍሪትስ ኤኽትማን አይተው የእርሱ መሆኑን መሰከሩ፤ በ2018 የታተመው የፈረንሳይ ሊቃውንት ምርመራም ይህንኑ ምስክርነት አጸና። ከዚህም በላይ የመርከቢቱ አዛዥ ሃይንስ ሼፈር፥ የጀርመን ሽንፈት ከታወጀ በኋላ፥ ወደ አርጀንቲና መሄድ ያልወደዱትን 16 መርከበኞች በኖርዌይ ጠረፍ አውርዶ ነው መንገዱን የቀጠለው። ሂትለርን የሸሸገ ሰው 16 ምስክር በጠላት በተያዘ ምድር ላይ ያራግፋልን?

እኔን የሚያስቆጣኝ ግን ተረቱ በእውነት ያመለጡትን የናዚ ወንጀለኞች ሽሽት መጋረዱ ነው። አዶልፍ አይሽማን በ1950፥ ዮሴፍ ሜንገሌም ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፥ በሐሰት ስም በወጣ የቀይ መስቀል የጉዞ ወረቀት ከጣሊያን ከጄኖዋ በመንገደኛ መርከብ ተሳፍረው፥ እንደ ማንኛውም ስደተኛ በቀን ብርሃን አርጀንቲና ገቡ። አንባቢ ዓይኑን በጥልቁ ባሕር ላይ ተክሎ ሲቀር፥ ወረቀቱን ያስገኙት፥ ማኅተሙን የመቱትና ወንጀለኞቹን ያስጠለሉት ሰዎች ከተጠያቂነት ያመልጣሉ።

ጁላይ 4 ቀን ከ300 በላይ ነፍስ ይዛ የጠፋችውን የብራዚል መርከብ ባሂያንም ያሰጠመቻት ዩ-977 ናት የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የተኩስ ልምምድ ሲደረግ የራስዋ መድፍ በኋላዋ የተደረደሩትን የባሕር ውስጥ ቦምቦች መትቶ አፈነዳት። ዩ-977 ለ66 ቀን ከውኃ በታች ሳትወጣ ተጓዘች የሚለውን ደግሞ ሼፈር ራሱ ጻፈው፥ ተመራማሪዎች ግን ተከራክረውበታል፤ ቢሆንም እንኳ ሞተሩ ከባሕሩ ፊት በላይ በሚወጣ ቧንቧ አየር እየሳበ እንጂ በጥልቁ ውስጥ ተቀብራ አይደለም። የባሕር አንበሳ ነበረች ለሚሉም መዝገቡ አጭር መልስ ይሰጣል፦ በአገልግሎትዋ ዘመን አንዲት መርከብ እንኳ አላሰጠመችም፤ እርስዋን ግን አሜሪካኖች ከተረከቡአት በኋላ፥ ኖቬምበር 13 ቀን 1946፥ አቱል የተባለችው ሰርጓጅ መርከባቸው ለዒላማ ልምምድ በቶርፔዶ መትታ አሰጠመቻት።