ቀላል ሸራ፣ ጽኑ ካስማ፦ የጊዜያዊ ድንኳን መጋዘን ጭነቶችና ጥንቃቄዎች

መግቢያ

ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ማዳበሪያ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚጓጓዝ ሲሆን፣ ከክረምቱ የዘር ወቅት አስቀድሞ ለገበሬው መድረስ ይኖርበታል። በመሆኑም የማከማቻ ፍላጎት በጥቂት ወራት ውስጥ ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ ዝቅ ይላል። ለእነዚህ ወራት ብቻ ቋሚ መጋዘን መገንባት ብዙ ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ በብረት ወይም በአሉሚኒየም ክፈፍ ላይ በፒቪሲ የተለበጠ የፖሊስተር ሸራ የሚወጠርባቸው የድንኳን መጋዘኖች አማራጭ ሆነው ይቀርባሉ። በእርዳታ እህል ክምችትም እነዚህ መጋዘኖች የታወቁ ናቸው፤ 10 ሜትር ስፋትና 32 ሜትር ርዝመት ያለው ድንኳን ከተለመዱት መጠኖች አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ የሸራው ቅለት ጭነትን አያስቀርም፤ ወደ ካስማው፣ ወደ መሬቱና ወደ መጋዘን ጠባቂው ያዛውረዋል የሚል ነው።

ወደ ላይ የሚስብ ጭነት

በተለመደው ሕንፃ ንድፍ ውስጥ ዋነኛው ጥያቄ ጣሪያው እንዳይወድቅ መደገፍ ነው። በድንኳን መጋዘን ግን ጣሪያው እንዳይነሣ መያዝ ይቀድማል። የንፋስ ግፊት የአየር እፍጋት በፍጥነት ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ይገኛል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በካሬ ሜትር ወደ 460 ኒውተን የሚጠጋ ግፊት ያሳድራል። የዚህ ግፊት ግማሽ ብቻ ጣሪያውን ወደ ላይ ይስባል ቢባል፣ ከላይ በተጠቀሰው 320 ካሬ ሜትር ድንኳን ላይ ያለው ጠቅላላ ስበት 7.5 ቶን ያህል ይሆናል። በካሬ ሜትር 700 ግራም የሚመዝን ሸራ ይህንኑ ስፋት ሲሸፍን ክብደቱ ከ230 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱን መሸከም ያለባቸው ክፈፉና ካስማው ናቸው።

የቦታው ከፍታም በስሌቱ ውስጥ ይገባል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ የሳሳ በመሆኑ እፍጋቱ በሜትር ኩብ ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል፤ ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ንፋስ የሚያሳድረው ግፊትም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ሆኖም ይህ ቅናሽ ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ የንፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና።

ከዚህ ጋር የበሩ ሁኔታ መታየት አለበት። ንፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ ያለው በር ክፍት ሲሆን፣ ወደ ውስጥ የገባው አየር ጣሪያውን ከሥር ይገፋል፤ ከላይ ካለው ስበት ጋርም ይደመራል። ስለዚህ ማዕበል ሲቃረብ በር መዝጋት ከመጋዘን ጠባቂው የዕለት ሥራ ባሻገር የመዋቅሩ ደኅንነት አካል ነው። ለትርዒት ወይም ለድግስ የሚተከል ድንኳን ንፋስ ሲያሰጋ ሰው ወጥቶለት ሊፈርስ ይችላል። በጆንያ የተሞላ መጋዘን ግን በአንድ ሌሊት አይፈርስም። ለአጭር ጊዜ ድንኳን የተቀነሰውን የንፋስ ጭነት ለመጋዘን መጠቀም ስለዚህ አደገኛ ነው።

ካስማ የሚይዘው አፈር

በደጋውና በወይና ደጋው ሰፊ ክፍል የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በደረቁ ወራት በመዶሻ የተመታ ካስማ ጽኑ መስሎ ቢታይም፣ አፈሩ ሲረጥብ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ችግሩን የሚያባብሰው አፈሩ የሚለሰልስበት ጊዜና ነጎድጓዳማ ንፋስ የሚበዛበት ጊዜ መገጣጠማቸው ነው። በመሆኑም የካስማ የመነቀል ፈተና በእርጥብ አፈር ላይ መደረግ አለበት። አፈሩ የማያስተማምን ሲሆን የኮንክሪት ክብደት መጠቀም ይቻላል፤ 7.5 ቶኑን በክብደት ብቻ ለመመከት፣ የደኅንነት ትርፍ ሳይታሰብ፣ ከ3 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ኮንክሪት ያስፈልጋል። ድንኳኑን በመምረጥ የቀረ የመሰለው መሠረት በዚህ መልክ ይመለሳል።

እርጥበት ከውጭም ከውስጥም

ሸራው ሲላላ የዝናብ ውኃ በጎድጓዳው ይጠራቀማል። አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ክብደቱ ጎድጓዳውን ያሰፋል፣ የሰፋው ጎድጓዳ ደግሞ ሌላ ውኃ ይይዛል። መድኃኒቱ በቂ ተዳፋትና ሸራውን በየጊዜው መልሶ መወጠር ነው።

ከውስጥ የሚመጣው እርጥበት ግን በቀላሉ አይታይም። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ አየር ከ14 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ገጽ ሲነካ ጤዛ ይሠራል። ስስ የሆነው ሸራ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። የተቋጠረው ውኃ በክምሩ ላይ ሲንጠባጠብ የላይኛው እህል ይሻግታል፤ ዩሪያም እርጥበት ስቦ ይጋገራል። ዝናብ ያላስገባ ጣሪያ ሥር ንብረት የሚበላሸው በዚህ መንገድ ነው። በሁለቱ ጫፎች ከፍ ብሎ የተከፈተ የአየር መተላለፊያ፣ ከወለል የሚያነሣ ፓሌት፣ እንዲሁም በክምሩና በሸራው መካከል የተተወ ክፍተት ጉዳቱን ይቀንሳሉ። ክምሩን ከግድግዳው ማራቅ ሌላም ምክንያት አለው፤ ሸራው የጆንያ ግፊት ለመሸከም አልተሠራም።

ማጠቃለያ

የድንኳን መጋዘን በፍጥነት መተከሉና ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩ እውነተኛ ጥቅም ነው። ይሁንና ዋጋው ከቋሚ መጋዘን ጋር ሲነጻጸር የካስማው፣ የወለሉ ዝግጅት፣ የፍሳሽ ቦዩና የክትትሉ ወጪ አብሮ መታሰብ አለበት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሸራውን፣ ከእርጥበት ጋር የተገናኘ የማዳበሪያ ብናኝ ደግሞ የብረት ማያያዣዎችን ቀስ በቀስ ያዳክማሉ። ለአንድ ወቅት የተተከለ ድንኳን ሳይመረመር ለዓመታት ሲቆይ፣ በመጀመሪያው ቀን የነበረው የደኅንነት ስሌት አይሠራም። ስለሆነም የመትከያ ሰነዱ ድንኳኑ የሚመረመርበትንና የሚነሣበትን ቀን ከመጀመሪያው መያዝ ይኖርበታል።