ድመት ከመምጣቷ በፊት

እህል ያለበት ቤት አይጥ አያጣም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ይህን ደኅና አድርጎ ያውቃል። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቢሆንም በዳር በዳራቸው ዛሬም የሚያርስ አለ፤ ከብት የሚያረባም አለ። ገበሬው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ እህሉን በጎተራ ወይም በጆንያ ከቶ «እፎይ» ሲል አይጥ ሥራዋን ትጀምራለች። ሌሊት ጣራ ሥር ትንኮሻኮሻለች። ጆንያ ትቀዳለች። የምትበላውን በልታ የቀረውን በሽንቷና በኩሷ ታበላሻለች።

እስቲ እንቁጠር። አንድ ትልቅ የጣራ አይጥ በቀን 15 ግራም ያህል እህል ይበላል። ይህ አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም። አሥር አይጦች ግን በቀን 150 ግራም ይበላሉ። ዓመቱ 365 ቀን ነው። 150ን በ365 ስናባዛ 54,750 ግራም ይሆናል። ይህ ማለት ወደ 55 ኪሎ ነው። ከግማሽ ኩንታል በላይ እህል አይጥ በላው ማለት ነው። የተበላሸው ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ ነው ሰው ድመት የሚፈልገው። ይህም ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው እርሻ ጀመረ፤ እህልም ማከማቸት ጀመረ። እህሉን ተከትሎ አይጥ መጣ። አይጧን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። ሰውም አልከለከላትም። ቆጵሮስ በምትባል ደሴት ላይ ከአንድ ሰው ጋር አብራ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች፤ መቃብሩም 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። እንግዲህ ገበሬና ድመት የቆየ ውል አላቸው። እርሷ ጎተራ ትጠብቃለች፤ እርሱ ደግሞ ቤት ይሰጣታል።

ታዲያ በዚህ ውል የእኛ ድርሻ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በሱሉልታ አካባቢ ለማስተማር በሄድኩ ጊዜ ያረፍኩት ከአንድ ገበሬ ቤት ነበር። የቤቱን እናት አይጥ ቢያስመርራቸው ከጎረቤት አንዲት ግልገል ድመት በዘንቢል ይዘው መጡ። ልጆቹ በጣም ደስ አላቸው። «ውሮ፣ ውሮ» እያሉ ከእጅ እጅ ይቀባበሏት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ድመቷ ከጓዳው ጥግ ሞታ ተገኘች። ለካ ከወር በፊት የአይጥ መርዝ በእንጀራ ተለውሶ ከምጣዱ ኋላ ተቀምጦ ኖሯል። ሁሉም ረስቶታል።

እማማ ራሳቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ድመቷን ለማምጣት ቸኮልን እንጂ ቤቱን መች አሰናዳን!» አሉኝ። ከዚያ ዘወር ብለው የልጅ ልጃቸውን አዩት። ሕፃኑ ገና ዳዴ ይላል። በዚያው ጓዳ ወለል ላይ ያገኘውን እያነሣ አፉ ውስጥ ይከታል። እማማ ምንም ሳይናገሩ ብድግ አድርገው አቀፉት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ለሰው መንገር አለብኝ ብዬ አሰብኩ።

ነገሩ ይህ ነው፦ ድመት ከመምጣቷ በፊት ቤት ይሰናዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም? የሚሰናዳውም ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከቤት የሚወጣ ነው። ሁለተኛው ወደ ቤት የሚገባ ነው።

ከቤት የሚወጣው

በመጀመሪያ የአይጥ መርዝ ይወጣል። መርዝና ድመት በአንድ ቤት አይኖሩም። ድመቷ መርዙን ባትበላው እንኳ መርዙን የበላችውን አይጥ ትበላና ትሞታለች። ስለዚህ በየጥጉ፣ ከቆጡ ላይ፣ ከጎተራው ሥር የተደረገውን ሁሉ ፈልጉ። በባዶ እጅ አትንኩት፤ እጃችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ ልቀሙት። እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ወንዝ ውስጥም አትጣሉት። ከቤትና ከምንጭ ርቆ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሁለተኛ፣ ለከብት መዥገር ወይም ለእህል ነቀዝ የተገዛ መድኃኒት ከፍ ካለ ቦታ ይቆለፍበት። ቁንጫ ያለባትን ድመት በከብት መድኃኒት የሚያጥብ ሰው አለ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ድመት ገላዋን በምላሷ ትልሳለች፤ በጠጉሯ ላይ ያለው ሁሉ ሆዷ ይገባል። ላምና ውሻ የሚችሉትን መድኃኒት ድመት አትችለውም።

ወደ ቤት የሚገባው

1ኛ. መያዣና መኝታ። ድመት በጆንያ ታስራ አትመጣም። ትታፈናለች፤ ትደነግጣለች። ከሱቅ አንድ የሳሙና ካርቶን ለምኑ ወይም ግዙ። ጎኑን በሳት አድርጋችሁ አየር እንዲገባ አድርጉ። ከአዲስ አበባ ዘመድ ቤት ድመት ይዞ በታክሲ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሰበታ የሚመለስ ሰው ይህ ካርቶን ይበቃዋል። ቤት ሲደርስ ያው ካርቶን መኝታ ይሆናል። ያረጀ ነጠላ ወይም የጋቢ ቁራጭ አንጥፉበት። ሱሉልታ ብርዳም አገር ነው፤ ግልገል ድመት ደግሞ ብርድ አትችልም። ካርቶኑን ከምድጃው ራቅ፣ ከበሩም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

2ኛ. ሁለት ሳህን። አንዱ ለውሃ፣ አንዱ ለምግብ። ከበድ ያለ የሸክላ ወይም የቆርቆሮ ሳህን ይሻላል፤ ቶሎ አይገለበጥም። የሰው ሳህንና የድመት ሳህን አይቀላቀል።

3ኛ. ያረጀ ሳፋና አሸዋ። ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት። ኩሷን መቅበር ትወዳለች። በሳፋው ውስጥ ደረቅ አሸዋ ወይም ደቃቅ አፈር አድርጉ፤ ከምግቧ አርቃችሁ አስቀምጡት። ብዙ ሰው አመድ ያደርጋል። አመድ ግን ሲርስ እግሯን ያቃጥላታል፤ ስለዚህ አሸዋ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በድመት ኩስ ውስጥ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ሊኖር ይችላል። ይህ ተውሳክ እርጉዝ ሴት ላይ ከደረሰ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ኩሱ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ነው አደገኛ የሚሆነው። ስለዚህ ሳፋው በየቀኑ ይጠረግ። እርጉዝ ሴት ግን አትንካው፤ ባል ወይም ሌላ ሰው ይጥረገው። የጠረገውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ተውሳኩ ከጥሬ ሥጋም ይገኛል፤ እርጉዝ ሴት ጥሬ ሥጋ ብትተው ይበጃታል።

4ኛ. ምግብ። «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ድመት አይጥ የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው። አባቶች «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» ያሉት እኮ ለዚህ ነው። የተራበች ድመት ከቤት አትቀመጥም። ጎረቤት ሄዳ ትሰርቃለች፤ ትመታለች፤ በዚያው ትቀራለች። የጠገበች ድመት ግን ቤቷን ትጠብቃለች።

ግልገሏ ከእናቷ ከመለየቷ በፊት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሊሞላት ይገባል። ከዚያ በፊት ከመጣች ጡት ገና አልጠገበችም። ከመጣችም በኋላ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትብላ። የተቀቀለ ሳንባ፣ የሥጋ ቁርጥራጭ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል ጥሩ ነው። የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥቆ ጉሮሮዋን ይወጋታል። ወጥም አትስጧት። በወጥ ውስጥ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ሁለቱም የድመትን ደም ያበላሻሉ። ወተትስ? ሱሉልታ የወተት አገር ስለሆነ ሰው ወተት አይነፍጋትም። ነገር ግን የላም ወተት ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣል። ተቅማጥ ደግሞ ግልገልን ቶሎ ይገድላል። መጠጧ ንጹሕ ውሃ ይሁን።

ጾም በሚጾምበት ቤት ሌላ ችግር አለ። በዓቢይ ጾም ሥጋም ዕንቁላልም ከቤት ይጠፋል። ድመት ግን ያለ ሥጋ አትኖርም። እንጀራና ሽሮ ብቻ ስትበላ ብትቆይ ዓይኗ ይደክማል፤ ልቧም ይታመማል። ትልቅ ድመት አይጥ ይዛ ትበላለች። ግልገል ግን ገና አታውቅም። ስለዚህ ግልገሏን ከገና በኋላ ወይም ከፋሲካ በኋላ አምጡ። ጨውና በርበሬ ያልነካው ቋንጣ ቀድማችሁ ብታደርቁላት ደግሞ ለጾሙ ወራት ይሆናታል።

5ኛ. የክትባት ገንዘብ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው ውሻን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል። አይደለም። ያበደ ውሻ ድመት ቢነክስ ድመቷም ታብዳለች። ያቺ ድመት ልጅ ብትነክስ በሽታው ወደ ልጁ ይተላለፋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከያ አለው። ሉዊ ፓስተር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. ያበደ ውሻ የነከሰውን አንድ ልጅ ከትቦ አድኖታል። በአዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው በዚሁ ሊቅ ስም ነው።

ድመቷ ሦስት ወር ሲሞላት ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የሆድ ትል መድኃኒት ጠይቁ። የሚቀጥለው ክትባት መቼ እንደሆነ ባለሙያው ይነግራችኋል። ቀኑን በደብተር ጻፉት። ማንበብና መጻፍ ጥቅሙ ይኸው ነው። ሰበታ ውስጥ የእንስሳትን በሽታ በላቦራቶሪ የሚመረምር የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም አለ። እርሱ የምርመራ ቦታ ነው፤ ለክትባት ግን የወረዳችሁን ክሊኒክ ጠይቁ።

6ኛ. ሳሙና። ሳሙና በየቤቱ አለ ትሉ ይሆናል። ግን ለዚህም ብላችሁ ቤት አይጥፋ። ድመትም ሆነ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ በዚያው ሰዓት በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው፣ ወይም የባህል መድኃኒት ብቻ ይዞ መቀመጥ ሕይወት ያስከፍላል። ለማዳ የነበረች ድመት ድንገት ብትቆጣ፣ ለሃጯ ቢዝረበረብ፣ ልጆች እንዳይጠጓት አድርጉና ለእንስሳት ባለሙያ ንገሩ።

እንግዲህ ወጪው ምን ያህል ነው? ካርቶኑ ከሱቅ ይለመናል። ሳፋው ያረጀ ነው። አሸዋው ከደጅ ነው። ምግቡ ከገበታችን ይተርፋል። ገንዘብ የሚጠይቀው ክትባቱና መድኃኒቱ ነው። ያንንም ከ55 ኪሎ እህል ዋጋ ጋር አስተያዩት። ከሕፃን ሕይወት ጋር ደግሞ የሚተያይ ገንዘብ የለም።

እነዚያ የሱሉልታዋ እናት ኋላ ሌላ ግልገል አመጡ። ከማምጣታቸው በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱን ፈተሹ። ከቆጡ ላይ ሌላ የተረሳ መርዝ አገኙ። ካርቶኑን እኔ በሳሁት። ትልቋ ልጃቸው ድመቷ የምትከተብበትን ቀን በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፈችው። ድመቷን በኦሮምኛ «አዱሬ» አሏት፤ ድመት ማለት ነው። እኔ ከዚያ ቤት ስወጣ አዱሬ ከጎተራው ሥር ተኝታ ነበር። አንድ ጆሮዋ ግን ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

ጥያቄዎች

1. አሥር አይጦች በዓመት ስንት ኪሎ እህል ይበላሉ? ሃያ ቢሆኑስ?
2. ድመት ከመምጣቷ በፊት ከቤት መውጣት ያለበት ምንድን ነው? ለምን?
3. የድመቷን ሳፋ ማን ማጽዳት የለበትም?
4. ድመት ወይም ውሻ ሰው ቢነክስ በመጀመሪያ ምን ይደረጋል? ቀጥሎስ?
5. በእናንተ ቤት የተረሳ መርዝ ይኖር ይሆን? ዛሬውኑ ፈልጉ።